የቄስ ወልደ ጻድቅ መነጽር

ቄስ ወልደ ጻድቅ መነጽር ማድረግ ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። የገዙት መሐል ሜዳ ገበያ፣ ባትሪ ድንጋይና ማበጠሪያ ከሚሸጥ ሰው ነው። ሻጩ "ይሞክሩት እንጂ አባ! የሩቁ ነው ያስቸገረዎት የቅርቡ?" ቢላቸው "የትኛውም ይሁን፤ ብቻ ፍሬሙ ጠንከር ያለውን ስጠኝ" ብለው ነበር የመለሱለት። ሰውዬው እየገረመው ሰጣቸው። መነጽሩን ባደረጉ ቁጥር አገሩን ጉም ይወርሰዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው መሬቱን ይስተዋል፤ አንዴም የሰው ግልገል ረግጠው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሲያወልቁት ግን ማዶ ሸንተረሩ ላይ የተሰማራው በግ የማን እንደሆነ ከነምልክቱ ይለያሉ። ዓይናቸው እንከን አልነበረበትም።

ነገሩን ሳናንዛዛ እንናገረው፤ ቄስ ወልደ ጻድቅ ማንበብ አይችሉም።

ቄስ ሆኖ እንዴት ነው ማንበብ የማይችለው የሚል ሰው እሳቸው ሲቀድሱ ሰምቶ አያውቅም። ቅዳሴውን፣ ዳዊቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን እንደ ውኃ ጠጥተውታል። በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ፊደል ሊቆጥሩ ሲገቡ፣ ፊደሉ እሺ አላላቸውም። ጠዋት "ለ" ብለው የተለዩዋት ፊደል ከሰዓት "ሰ" ሆና ትጠብቃቸዋለች፤ መስመሩ ከሥሩ ካለው መስመር ጋር ይጣበቅባቸዋል። የኔታ በአለንጋ ገረፏቸው፣ አንበረከኳቸው፣ አንድ ጊዜማ ጸበል አስረጯቸው። በኋላ ልጁ ራሱ መላ አገኘ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ እየጮኹ ነው የሚያነቡት፤ አጠገቡ ያለው ልጅ ጭራሮውን ወደ ቀጣዩ ቃል ሲያሻግር እሱም ያሻግራል። ጆሮው አንዴ የሰማውን አይለቅም። ዓመት ሳይሞላው የኔታ "ይኼ ልጅ ራሱ መጽሐፍ ነው" ብለው መሰከሩለት። ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ለድቁና ሲቀርብም ፈታኙ መጽሐፍ ገልጦ "የረቡዕን ውዳሴ ማርያም" አለው፤ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ከዳር እስከ ዳር አወረደው። ፈታኙ "ይበል!" አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜ በሙሉ ያንን ምስጢር የመጠበቅ ሥራ ሆነ። የእሑዱን ወንጌል ቅዳሜ ከሰዓት ዲያቆን ምንይሉ ያነብላቸዋል፤ "ዓይኔን ስለሚያታክተኝ አንዴ አሰማኝ" ይሉታል። በነጋታው መጽሐፉን ከፍተው፣ መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው፣ በዚያ በሚያስለቅስ ድምፃቸው ያወርዱታል። ደብዳቤ የመጣለት ገበሬ ወረቀቱን ይዞ ከመጣም ኪሳቸውን ይዳብሱና "ወይ መነጽሬ!" ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተሥላሴ ትወቅ አትወቅ እሳቸው ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም ነግራቸው አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ይህችን አንድ ነገር በመሐላቸው አስቀምጠው እየዞሯት አለፉ።

ይህ ሁሉ የእሳቸው ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ኖሮ የሚተርከው ሰውም አይገኝም ነበር። ትሕትና ባትወለድ።

ትሕትና ታናሽ ልጃቸው ናት፤ አሥር ዓመቷ። ታላቋ ጽናት መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ቅዳሜ እየመጣች ስንቅ ይዛ ትመለሳለች። ትሕትና ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት። አንዴ የሰማችውን ስብከት ከነሳሉ ትደግመዋለች። አንደኛ ክፍል በገባች በሦስተኛው ወር ቄሱ ከገብስ ክምሩ ጀርባ ደብተሯን ታቅፋ ስታለቅስ አገኟት። "አባባ፣ ፊደሎቹ አይቆሙልኝም" አለቻቸው።

ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ የሚመስላቸው ነገር በልጃቸው አፍ ተነገረ። ማቀፍ ነበረባቸው፤ አቀፉ። እውነቱን መንገር ነበረባቸው፤ ያንን ግን አላደረጉም። ይልቅስ ጎናቸው አስቀምጠው ያንን መላ አስተማሯት። "ማታ ማታ ጽናት መጽሐፉን ታንብብልሽ። አንቺ በጆሮሽ ያዢው። ክፍል ውስጥ ስትጠየቂ መጽሐፉን ገልጠሽ በቃልሽ ትይዋለሽ። ያልሰማሽውን አንብቢ ካሉሽ ደግሞ ዓይንሽን እሽት እሽት አድርጊና 'ዓይኔን አመመኝ' በይ።" ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። ቄሱም ለልጃቸው አንድ ትልቅ ነገር ያወረሱ መሰላቸው።

መላው ሦስት ዓመት ገደማ ሠራ። ጽናት መሐል ሜዳ ከገባች በኋላ ግን ማታ የሚያነብላት ጠፋ። ትሕትና አራተኛ ክፍል ስትገባ ዓይኗን ከማሸት በቀር ሥራ አልነበራትም።

በጥቅምት መጀመሪያ ሐሙስ ቀን የቀበሌው ትምህርት ቤት ቄሱን አስጠራቸው። የጠሯቸው መምህርት ምሥራቅ የሚባሉ፣ ከመሐል ሜዳ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጡ ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች የሚያዩ የልዩ ፍላጎት መምህርት ናቸው። ወጣት ናቸው፤ ብርዱን ፈርተው በጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ትሕትና አጠገባቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። መምህርቷ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ።

"አባታችን፣ ትሕትና ዓይኔን ያመኛል ስላለች ዓይኗን አይቼዋለሁ" አሉ። "ከግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ምልክት ከሁሉ የተሻለ ያየችው እሷ ናት። ዓይኗ ደኅና ነው። ችግሩ ፊደሉን መለየትና ማያያዝ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ደካማ ሆነው አይደለም። እንዲያውም የሷ ጭንቅላት ለጉድ ነው። የመማሪያ መንገዷ ነው የሚለየው።"

ቄሱ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው። ከቤተሰቡ ማንበብ የከበደው ሰው አለ?"

የክፍሉ ቆርቆሮ በነፋሱ ይንኳኳል። ትሕትና እግሯን ማወዛወዝ አቆመች።

"የለም" አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ። ድምፃቸው ከቅዳሴው ድምፅ አንድም አልጎደለም። "እኛ የካህናት ዘር ነን። ዓይኗ ነው፤ በእኔ ወጥታ ነው።"

መምህርቷ ልጅቷን አዩዋት። "ትሕትና፣ እውነት ዓይንሽን ነው?"

"አዎ፣ ዓይኔን ነው" አለች ትሕትና፣ ጫማዋን እያየች።

መምህርት ምሥራቅ ቅጻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ክርክር አልፈለጉም። ከቦርሳቸው ካርቶን አወጡ፤ ካርቶኑ ላይ በማጣበቂያ የገብስ ፍሬ ተደርድሮ አንድ ትልቅ ፊደል ተሠርቷል። ትሕትናን ዓይኗን አስጨፍነው ጣቷን በገብሱ ላይ አስኬዱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። "ይቺ 'ለ' ናት" አሏት። ሌላ ሰጧት። "ይቺ ደግሞ 'ሰ'።" ከዚያ ቀላቅለው ሰጧት። ትሕትና ጨፍና ዳበሰችና "ሰ" አለች። ደግመው ቀላቀሉባት። "ለ።" አሥር ጊዜ ቀላቀሉ፤ አሥሩንም አልሳተችም። ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ በርቶ ነበር።

ቄሱ የሚሆኑት ጠፋቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ለሁለቱ ፊደሎች የተገረፈው ጀርባቸው ዛሬ እንደገና የነደዳቸው መሰላቸው። ለካ መንገድ ነበረው። ለካ በአንዲት እፍኝ ገብስ የሚፈታ ነገር ኖሯል። ወዲያው ያች ልጅ ሦስት ዓመት የባከነችው በማን መላ እንደሆነ ትዝ አላቸውና የካርቶኑን ጫፍ ሊነኩ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

"መሐል ሜዳ ባለው ትምህርት ቤት የድጋፍ ክፍል ከፍተናል" አሉ መምህርቷ። "አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለን። ትሕትና እህቷ ጋ ሆና ከሰኞ እስከ ዓርብ ብትማር በዓመት ውስጥ ታነባለች፤ ይህን ቃል እገባልዎታለሁ። ግን የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለት ወረቀት ነው የምሰጥዎት። የላይኛው የፈቃድ ነው፤ የታችኛው ወላጅ ካልተስማማ የሚፈርመው ነው። ከእናቷ ጋር ይማከሩና አንዱን ፈርመው ነገ ወደ መሐል ሜዳ ሳልመለስ በትሕትና ይላኩልኝ፤ ሌላውን ይቅደዱት። ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አንብበው ይወስኑ።"

"አንብበው" የምትለዋ ቃል ከአለንጋ ይልቅ አመመቻቸው። ሴትዮዋ ይህን ያሉት ከአክብሮት ነው። አክብሮቱ ነው የጎዳቸው።

ሁለቱን ወረቀት ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡ። የላይኛው የፈቃድ፣ የታችኛው የእምቢታ። ይህችን ለመያዝ እሳቸው ምን ያንሳቸዋል? መቶ ሃምሳ መዝሙር የያዘ ጭንቅላት ሁለት ወረቀት አይስትም። መንገዱን ሁሉ "የላይኛው፣ የላይኛው" እያሉ ሄዱ። ልባቸው ቆርጧል፤ ልጄ እንደኔ አትቀርም።

አመተሥላሴ ከቤቱ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። ነገሩን ሲነግሯት እንዝርቷን አቆመች። "ታነባለች አሉ?" አለች። "አዎ።" "በዓመት?" "በዓመት።" አመተሥላሴ ባሏን ረዘም አድርጋ አየቻቸውና "ታዲያ ምን ይጠብቃሉ፤ ይፈርሙላት እንጂ" አለች። ትሕትና እስክሪብቶ ልታመጣ ሮጠች።

ቄሱ ዳዊታቸውን ከፈቱ። የመንዝ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል የመንዝ ሰው ያውቀዋል፤ ማንንም አያስፈቅድም። ሁለቱን ወረቀት ከመጽሐፉ ነጥቆ በአጥሩ ላይ አሻገራቸው። አንዱ ገብሱ መሐል፣ አንዱ ድንጋይ ካቡ ሥር ወደቀ። ትሕትና ነበረች የሮጠችው። ሁለቱንም ይዛ፣ እያለከለከች፣ እየሳቀች መጣችና አባቷ እጅ ላይ አኖረቻቸው።

የላይኛው የቱ ነበር?

ቄሱ አገላብጠው አዩ። ሁለቱም ላይ ሐምራዊ ማኅተም አለ። ሁለቱም ላይ ከታች የፊርማ መስመር አለ። ከዚያ በቀር ያ የጉንዳን ሠራዊት ብቻ ነው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ። አመተሥላሴ እያየቻቸው ነው። ማንበብ ስለማትችል ከሷ የሚገኝ ነገር የለም። ዲያቆን ምንይሉን ቢጠሩት ጉዳዩ እስከ እሑድ በደብሩ ሁሉ ይዳረሳል፤ የቄሱ ልጅ ፊደል አልገባትም ይባላል፤ ከዚያም አባቷስ የሚል ይነሣል። ጽናት የምትመጣው ቅዳሜ ነው፤ ወረቀቱ ነገ ይፈለጋል።

ከዚያ ያደረጉትን ነገር ሲያስቡት እስከ ዛሬ ድረስ ፊታቸው ይነድዳል። ወደ አሥር ዓመት ልጃቸው ዞሩና፣ ፈታኝ መስለው፣ ሁለቱን ወረቀት ዘረጉላት።

"እስቲ ትሕትና፣ ጎበዝ ከሆንሽ የፈቃዱ የትኛው ነው?"

ልጅቷ ወረቀቶቹን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ በሁለት እጇ ዓይኗን እሽት እሽት አደረገች።

"ዓይኔን አመመኝ፣ አባባ" አለች።

ራሳቸው ያስተማሯት ናት። እንቅስቃሴዋ፣ ድምፅዋ፣ አንገቷን ዘንበል ማድረጓ ሳይቀር የእሳቸው ነው። አባትና ልጅ ሁለት ወረቀት በመሐላቸው አስቀምጠው እርስ በርስ ይዋሻሉ። ቄሱ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

"እሺ፣ እሺ፣ ተዪው" አሉና ወደ ወረቀቱ አጎነበሱ። አንደኛው ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሌላው አጠር ይላል። እምቢታ አጭር ነው ብለው አሰቡ፤ እምቢ ያለ ሰው ምን ያወራል? ፈቃድ ነው ብዙ ነገር የሚዘረዝር። እንደ ሥዕል በለመዷት ፊርማቸው ረጅሙ ላይ ፈረሙ። አጭሩን ቀደዱት። ትሕትና ዓርብ ጠዋት ደብተሯ ውስጥ አድርጋ ወሰደችው።

ሰኞ ገና ውርጩ ሳይነሣ አህያዋን ጫኑ። ለሌሊቱ ብርድ የምትደርበው የሱፍ ባና፣ አንድ ጆንያ በሶና ቆሎ፣ ለጽናትም ቅቤ። አመተሥላሴ ለትሕትና አዲስ የሱፍ ሹራብ አልብሳ በር ላይ ሳመቻት። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው መሐል ሜዳ ገቡ፤ ዕቃውን ጽናት የተከራየችው ክፍል አራገፉና ትምህርት ቤቱ ደረሱ። የድጋፍ ክፍሉ ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ነው። ግድግዳው ላይ ገብስ የተለጠፈባቸው ፊደሎች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ አሸዋ የተሞላ ትሪ፣ ከእንጨት የተቀረጹ ቁጥሮች፣ መሐሉ የተበሳ ካርቶን አለ። አንዲት ሴት ልጇን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ አስገብታለች። ጥግ ላይ ደግሞ አቶ ትዕዛዙ፣ የደብራቸው ምእመን፣ መስማት ከተሳነው ልጁ ጋር ተቀምጧል። ቄሱን ሲያይ ዘሎ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። "ለመባረክ መጡ አባ?" አለ ደስ ብሎት። ቄሱ አንገታቸውን ነቀነቁ። እንዲያ ብሎ ማሰቡ ተመቻቸው፤ ደግሞም አፈሩ።

መምህርት ምሥራቅ ትሕትናን ሲያዩ ግር አላቸው።

"አባታችን… ምነው? ሐሳብዎን ቀየሩ?"

"የምን ሐሳብ?"

"ዓርብ የላኩልኝ እኮ አልስማማም የሚለውን ፈርመው ነው። ሌላ ልጅ ከራቤል ከተማ ተክተናል፤ ነገ ትገባለች።"

ትሕትና የአባቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች።

ድምፁን ሰምቶ ርእሰ መምህሩ ገባ። ፋይል ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ወረቀት የሚወድ ሰው ነው። ከፋይሉ ረጅሙን ወረቀት አወጣ። "ይኸው ፊርማዎ። አንብበው አይደለም እንዴ የፈረሙት?"

"መነጽሬ…" ብለው ጀመሩ ቄሱ። እጃቸው በልማድ ወደ አፍንጫቸው ሄደ። "ዓይኔ…"

"ይገባኛል አባ፣ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም ነገር አለ" አለ ርእሰ መምህሩ ቅጹን እየገለጠ። "ራስዎ ደግሞ ልጅቷ የዓይን ችግር ነው ያለባት ብለዋል፤ እዚህ ተጽፏል። የዓይን ችግር ከሆነ ቦታዋ እዚህ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። ልጅቷን እንጠይቃታ። አንቺ፣ ምንሽን ነው?"

ትሕትና ወደ ግድግዳው አየች። ገብሱ የተለጠፈባት "ለ" እዚያው ከፊት ለፊቷ ነበረች።

"ዓይኔን" አለች።

መምህርት ምሥራቅ ተነፈሱ። ርእሰ መምህሩ ፋይሉን ሊዘጋ ነው። ቄሱ የልጃቸውን እጅ አዩ፤ ነጠላቸውን የያዘችበት ጣት ነጭ እስኪሆን ጨብጣዋለች። ቦታው እያመለጣት ነው፤ እያወቀች። ለምን እንደምትዋሽ አልገባቸውም፤ የገባቸው የውሸቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። በሩ ክፍት ነው። "ዓይኗ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው መውጣት ይችላሉ፤ እሑድም እንደ ወትሮው ይቀድሳሉ። አቶ ትዕዛዙም ምንም ሳያውቅ መስቀል ይሳለማል።

መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ፣ አሸዋው አጠገብ አስቀመጡት።

"ዓይኗ ደኅና ነው" አሉ። ያ የታወቀ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ቀጥኖ ነበር የወጣው። "የእኔም ዓይን ደኅና ነው። ማንበብ አልችልም። ሀ ብዬ ከጀመርኩበት ቀን አንሥቶ አልቻልኩም። ወረቀቱንም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ዓይኔን አመመኝ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷ አልዋሸችም፤ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።"

ተሽከርካሪ ወንበር የያዘችው ሴት ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች። አቶ ትዕዛዙ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ማሰሪያውን ያስር ጀመር። ይህ ሰው ባለፈው ፋሲካ ወንጌሉ ሲነበብ ያለቀሰ ሰው ነው። ቄሱ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። መሬት ግን አትከፈትም፤ ሰው ተገትሮ ይቀራል።

ርእሰ መምህሩ ቅጹን አየ፣ ቄሱን አየ፣ እስክሪብቶውን አንኳኳ። "ቦታው እኮ ተይዟል" አለ፤ አሁን ድምፁ ለስልሷል።

"አሥራ ሦስተኛ ወንበር ከቤቴ አመጣለሁ" አሉ መምህርት ምሥራቅ። "ዓይን የሚለውን ይሰርዙት።"

ሰረዘው። ከላይ አንድ ቃል ጻፈ። ቄሱ ቃሉን አላወቁትም፤ ግን ትሕትና የምትገባበት ቃል መሆኑን አወቁ። አዲስ ወረቀት ሲሰጧቸው መምህርቷ ቀስ ብለው፣ ማንም ሳይሰማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው። ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው።

ሊሄዱ ሲሉ ትሕትናን ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ይዘዋት ቆሙ። ከሁሉ ያሳፈራቸው ትዕዛዙ አልነበረም፤ ርእሰ መምህሩም አልነበረም። እሷ ነበረች፤ አባቷ መጽሐፍ እንደሆነ አምና ያደገች ልጅ ናት፤ ዛሬ በሰው ፊት ባዶ መሆኑን ሰማች።

"መምህርቷ ደኅና ነው ብለውሽ ሳለ፣ አሁንም ለምን ዓይኔን አልሽ?" አሏት። "ቦታው ሊያመልጥሽ አልነበረም?"

ትሕትና በጫማዋ ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረገች።

"እርስዎ ሲቀድሱ ገጽ የሚገልጡት ሕዝቡ አሜን ሲል ነው" አለች ቀስ ብላ። "መስመሩ ሳያልቅም ይገልጣሉ። ለኔ ብለው ያን መላ ካስተማሩኝ ቀን ጀምሮ አየሁ። እና… የኔን ካወቁ የእርስዎንም ያውቁብዎታል ብዬ ነው።"

"ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ?"

"አዎ።"

ቄስ ወልደ ጻድቅ ግድግዳውን ተደገፉ። እሳቸው ልጃቸውን የሸሸጉ መስሏቸው ነበር። ይህች የአሥር ዓመት ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊደል ሳትማር የቀረችው አባቷን ስትሸሽግ ነው። ይህንን የሚያህል ኀፍረት አለንጋ ይዘው የቆሙት የኔታም አላሳዩዋቸውም ነበር።

ይቅርታ ሊሏት ፈለጉ፤ ለልጅ ይቅርታ ማለት ማንም አላስተማራቸውም፣ ቃሉም በቃላቸው ከያዙት ሁሉ ውስጥ አልተገኘም። ከውስጥ መምህርቷ "ትሕትና!" ብለው ተጣሩ። ልጅቷ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብላ ግንባሯን አቀረበችላቸውና መስቀሉን እስኪያወጡ ድረስ ጠበቀቻቸው።